በድሮው ልኬ ስፊልኝ

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ፣ ልጅሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ከአጥንት የማይወጣው ብርዳችሁ እንዴት አድርጓችኋል? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ እንደ ድሮው ለወጉ ያህል አይደለም። ስለዚህ «ሁላችንም ደህና ነን፣ ሐሳብ አይግባሽ» የምትለዋን መልስሽን ለራስሽ ያዣት። ዓመታት ሙሉ ስትሰጪኝ ስውጣት ኖሬ አሁን ጉሮሮዬ ላይ ቆማለች። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። በግራ በኩል ያለው ጠባሳሽ ድኗል? ክንድሽን ወደ ላይ ስታነሺ ይይዝሻል? መድኃኒቱን ጨረስሽ ወይስ አሁንም ትወስጃለሽ? እህትሽ ነኝና ይህን ከሦስት ዓመት በፊት ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። ያልጠየቅሁሽ ጨክኜ አይደለም፤ አንቺ በሩን ከውስጥ ቆልፈሽው ነው።

እኛ እንዳለን አለን። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምግብ አይጠሉም። ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በረንዳው ላይ ይውላሉ፤ ሰው ሲያናግራቸው «ቆይ ዜናው ይለቅ» ይላሉ፣ ዜናው ደግሞ አያልቅም። ልጄ ቁመቷ ከእኔ በልጦ አሁን ከላይ ወደ ታች ነው የምታየኝ። ታናሻችን ሚጡ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ እግሯ አብጦ የራሷ ጫማ ሁሉ እምቢ ስላላት የእኔን ሰፊ ነጠላ ጫማ እየጎተተች ትመጣለች። የልብስ ስፌቱም ሥራ እንደነገሩ ይሄዳል። የሰላምታው ወግ እዚህ ላይ ይብቃ። እናታችን አንቺን አንቱ እያልኩ እንዳድግ አስተምራኝ ነበር፤ እስከዛሬም አላጓደልኩም። ዛሬ ግን አንቺ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ተናድጄ አንቱ ማለት አልችልበትም።

በሥራ ባልደረባሽ እጅ የላክሽው ሻንጣ በደህና ደርሶናል። ለአባባ የላክሽው ሹራብ ልካቸው ነው። ጥቁሩን ኮትሽን ደግሞ «ሰፍቶኛል፣ አጥብበሽ መልሺልኝ» ብለሽ ልከሽው ነበር። የእኔን አሠራር ታውቂያለሽ፤ የሰው ልብስ ላይ መቀስ ከማንሳቴ በፊት ኪሱን ሁሉ እገለብጣለሁ። ከሰው ኪስ የማይወጣ ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝቼ ባለቤቱ እስኪመጣ ሁለት ቀን ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ። ካንቺ ኮት ግን ገበሩ ላይ ካለው የውስጥ ኪስ ለአራት የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ከላይ የሆስፒታል ማኅተም አለበት፤ ከሥሩ ያንቺ ስም፤ ቀኑም የሚጡ ሠርግ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው የተጻፈ ነው። የዚያን አገር ቋንቋ እኔ አላነብም። ልጄ ትምህርት ቤት ስለምትማረው «እስቲ ምን ይላል?» ብዬ ሰጠኋት። ጣቷን አንድ ቃል ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። ያቺን ቃል ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ ካንሰር የሚል ነበር።

ረስተሽው ይሁን ሆን ብለሽ እስካሁን አላውቅም። ረስተሽው ከሆነ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚረሳ ጭንቅላት ይዘሽ መንገድ እንዴት እንደምትሻገሪ ይገርመኛል። ሆን ብለሽ ከሆነ ደግሞ የገዛ አፍሽ ያቃተውን ለኮት ኪስ ማሸከምሽ ነው። እኔ ሁለቱንም አልወደድኩልሽም።

ወረቀቱን ይዤ የሄድኩት ወደ አማካሪዋ ነው። አማካሪዋን በስልክ ነግሬሻለሁ፣ አልረሳሻትም። ባለፈው ዓመት ብብቴ አጠገብ እንደ ሽንብራ ያለ ነገር ዳብሼ፣ ደንግጬ ሆስፒታል ሄጄ፣ ተመርምሮ ምንም ክፉ ነገር እንዳልሆነ ተነግሮኝ ነበር። ሐኪሙ ግን ለጥንቃቄ ብሎ ወደ እሷ ላከኝ። ሥራዋ ካንሰር በዘር ሊወርድባቸው ይችላል የሚባሉ ሴቶች የዘረመል ምርመራውን ያድርጉ አያድርጉ፣ አውቀው እንዲወስኑ መርዳት ነው። ክፍሏን የምትጋራው ከክትባት ማቀዝቀዣ ጋር ነው፤ ማቀዝቀዣው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሳትነሳ በመዳፏ ጠፍ ታደርገዋለች፣ ዝም ይላል። ሁለት ወንበር አላት፤ ደህነኛው ላይ እኔን አስቀምጣ ራሷ የተሰበረው ላይ ሚዛኗን ጠብቃ ትቀመጣለች።

ያን ጊዜ የቤታችንን ሰው ሁሉ ወረቀት ላይ ሣለችው፤ ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን። በዚህ በሽታ የታመመ ካለ ክቡን ታጠቁረዋለች። እናትሽ በምን አረፉ አለችኝ። በጉበት አልኳት፤ አንቺ እንደነገርሽኝ። እህቶችሽስ አለችኝ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፣ በተለይ ታላቄን ጉንፋን እንኳ አይደፍራትም አልኳት፤ አፌን ሞልቼ። አንድም ክብ ሳይጠቁር ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። «ከነገርሽኝ ተነሥቼ ሳየው ምርመራው ለአንቺ የግድ አይደለም፣ እንደ ማንኛዋም ሴት እየተከታተልሽ ኑሪ» አለችኝና የነገርኳት ሁሉ እውነት መሆኑን አስፈርማ ሸኘችኝ። ባንቺ ውሸት ላይ እኔ በገዛ እጄ ፈረምኩ። በዚያው ቀን ደውዬልሽ እየሳቅሁ የእኛ ቤት ሴቶች ሁላችንም ነጭ ክብ ነን ስልሽ ዝም አልሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እትዬ፣ አሉ?» ብዬ ጮህኩ። «አለሁ፤ እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አልሽኝ። ያቺን እንኳን ደስ አለሽ መቼም አልረሳልሽም።

አሁን ወረቀትሽን ስሰጣት አማካሪዋ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ቃል በቃል ተረጎመችልኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን አንድ ጊዜ ከእኔ ስሚው። ይህች ሴት የጡት ካንሰር ታክማለች። በዘረመሏ ላይ በካንሰር የመያዝ ዕድልን በጣም ከፍ የሚያደርግ ለውጥ ተገኝቷል። እህቶቿና ልጆቿ እያንዳንዳቸው ይህን ለውጥ ወርሰው ሊሆን ይችላል፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለቤተሰቧ እንድታሳይ ሰጥተናታል። እንድታሳይ ነው የሚለው፣ እትዬ። ደብዳቤው የተጻፈው ለአንቺ አልነበረም፣ ለእኔና ለሚጡ ነበር። የሰው ደብዳቤ ነው ሦስት ዓመት ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ የዞርሽው።

አማካሪዋ የድሮውን ወረቀት ከፋይሏ አውጥታ ያንቺን ክብ አጠቆረችው። የእናታችን ክብ ጋ ስትደርስ ብዕሯን ከላዩ ላይ ይዛ ቆየች። «በጉበት ነው ያልሽኝ ማን ነግሮሽ ነው?» አለችኝ። እህቴ አልኳት። አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገችበትና ቤት ሄደሽ ጠይቂ አለችኝ።

ከሆስፒታሉ እስከ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት። በዓይኔ ላይ የሚመላለሰው ካንሰሩ አልነበረም፣ ያ ቀሚስ ነበር። ለሚጡ ሠርግ ስትመጪ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ደጅ ድረስ ወጥቼ ተቀበልኩሽ። ጸጉርሽን አሳጥረሽ መጥተሽ ነበር፤ ፋሽን ነው አልሽን፣ አመንን። ልለካሽ ስል «ደክሞኛል፣ በድሮው ልኬ ስፊልኝ» አልሽኝ። በማግስቱም ያው። እኔ ሰው ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም፤ ላንቺ ስል ቆረጥኩ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ስትለብሽው ግራ ደረቱ ላይ ጨርቁ ባዶ ሆኖ ወረደ። የእጄ ጥፋት መስሎኝ፣ ስፒል በከንፈሬ ይዤ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ይቅርታ እየለመንኩ ስፌቱን ስፈታ ከላይ ቁልቁል እያየሽኝ ዝም አልሽ። መታመምሽን መናገር ቢያቅትሽ እንኳ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት አያቅትሽም ነበር። ቀሚሱን ትተሽ አሮጌ ሱፍሽን ለበስሽ። ሠርገኛው ሁሉ የገዛ እህቷን ልክ የማታውቅ ሰፊ እያለ እስኪበቃው ሳቀብኝ፤ አንቺም አብረሽ ፈገግ አልሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም ሦስት ጊዜ ሳልለካ አልቆርጥም። ደንበኞቼ ይሰለቻሉ፤ እኔም ምን ሆኜ እንደሆነ ሳላውቅ ሦስት ዓመት ስለካ ኖርኩ።

ቤት ስደርስ በቀጥታ ወደ አባባ ሄድኩና ሬዲዮውን በእጄ ዘጋሁት። በሕይወቴ ደፍሬው የማላውቅ ነገር ነው። እማዬ የሞተችው በምንድን ነው አልኳቸው። ይደነግጡብኛል ብዬ ስሳቀቅ እሳቸው ግን ዝግ ብለው «በጡቷ ነው» አሉኝ። «እህትሽ እኔ እንዳልሰማ ስትደክም አየኋት። ድካሟን ከንቱ ላለማድረግ ያላወቅሁ መስዬ ኖርኩ።» አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው፣ እትዬ። አንቺ ከእሳቸው ትደብቂያለሽ፣ እሳቸው ማወቃቸውን ካንቺ ይደብቃሉ፣ እኔ መሀላችሁ ቁጭ ብዬ ለሆስፒታል ጉበት እያልኩ አስመዘግባለሁ።

እማዬ ታማ ሳለች ወደ ክፍሏ አታስገቢኝም ነበር። ትኩሳት አላት፣ አሁን ገና ተኛች፣ ነገ ትገቢያለሽ ትዪኛለሽ። ከቤቱ ጀርባ ጨርቅ ታቃጥዪ ነበር፤ እኔ ደግሞ ገና ስፌት መማሬ ስለነበር ስንት ነገር የሚወጣው ጨርቅ ታቃጥላለች ብዬ አጉረመረምኩብሽ። የቁስሏ ማሰሪያ ነበር ለካ። ብቻሽን አጠብሻት፣ ብቻሽን አስታመምሻት፤ ዕድሜሽ ያኔ ስንት ነበር? ይህን ሳስብ አሳዝነሽኝ ንዴቴ ይበርዳል። ወዲያው ደግሞ እንደገና ይነደኛል፤ ምክንያቱም እኔም ልጇ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ ቁስሏን እንዳጥብላት ብትፈቅጂልኝ በምን እንደሞተች አውቅ ነበር።

ደውዬ ሳፋጥጥሽ መጀመሪያ አለቀስሽ። ቀጥለሽ ሚጡ ልታገባ ነበር፣ በዘራቸው አለ ከተባለ ማን ያገባታል ብዬ ነው አልሽ። ከዚያ እንባሽ ሳይደርቅ ማዘዝ ጀመርሽ። ነገውኑ ሄደሽ ተመርመሪ። ከተገኘብሽ ሁለቱንም አስቆርጪ። ማህፀንሽንም አስወጪ፣ ከወለድሽ በኋላ ምን ያደርግልሻል። ሚጡን እንዳትነግሪያት፣ ስትወልድ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ይህን ሁሉ ለመናገር አንድ ትንፋሽ አልፈጀብሽም። ሦስት ዓመት አፍሽን ለጉመሽ ኖረሽ፣ በተፈታ ቀን ሥጋዬን እንደ ብትን ጨርቅ ቆራርጠሽ አደልሽው። እኔ ልብስ እንኳ ስቆርጥ ባለቤቷን እዚህ ጋ ይሁን ብዬ እጠይቃለሁ። ስልኩን የዘጋሁብሽ ለዚህ ነው፤ ካርድ አልቆብኝ አይደለም።

አማካሪዋ ዘንድ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ነገውኑ ያልሽውን ደም አልወሰደችም፤ መጀመሪያ አስረዳችኝ። ለውጡ ተገኘ ማለት ካንሰር አለብኝ ማለት አይደለም። አልተገኘም ማለትም መቼም አልታመምም ማለት ሳይሆን እንደ ማንኛዋም ሴት ነኝ ማለት ነው። ያንቺ ወረቀት ስላለ ላቦራቶሪው የትኛውን ቦታ እንደሚያይ ያውቃል፤ ስለዚህ የለም ካለም የለም ነው። ከተገኘም መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። በየጊዜው በጡት ራጅና በኤም አር አይ መታየት አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ቀዶ ሕክምና አለ። እያንዳንዱ የሚሰጠውም የሚወስደውም አለው። ጡትን ማስወገድ ዕድሉን በጣም ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። የእንቁላል ማፍሪያውን ማስወጣት ደግሞ ያለ ጊዜው ማረጥን ያመጣል፤ ሙቀቱ፣ አጥንቱ፣ ጠባዩ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ይህን ስትነግረኝ አንቺ ማህፀንሽንም ብለሽ እንዴት አቅልለሽ እንዳለፍሽው ትዝ አለኝ። ያልገባኝን ሁሉ ደገመችልኝ፤ ማቀዝቀዣውን እየመታች፣ ሳትቸኩል።

በመጨረሻ ሰለቸኝና «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት። «የማውቀውን አንድ ሳላስቀር እሰጥሻለሁ» አለችኝ። «ውሳኔ ግን አልሰጥሽም። ያንቺን አካል ይዤ ወደ ቤት የምሄደው እኔ አይደለሁም።» ባዶ ወረቀት ሰጠችኝና አራት ነገር ጽፈሽ ነይ አለችኝ። ቢገኝብኝ ምን አደርጋለሁ፣ ባይገኝብኝ ምን አደርጋለሁ፣ ባላውቀው እንዴት እኖራለሁ፣ ለማንስ እነግራለሁ። ይህን ሳታስቢበት መርፌ አላነሳም አለች። ተናደድኩ። ካንቺ ሸሽቼ ሌላ አስቸጋሪ ሴት እጅ ወደቅሁ ብዬ እያጉረመረምኩ ወጣሁ። ወረቀቱን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጬ ሁለት ሳምንት ዙሪያውን ስዞረው ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ደንበኛ ሲጠፋ በጠመኔዬ ጀመርኩት፣ በእርሳስ ጨረስኩት። እስከዚያ ቀን የምፈራው መቆረጡን ይመስለኝ ነበር። ለካ የምፈራው እንደ እናታችን በር ተዘግቶብኝ፣ ልጄ ከውጭ ቆማ፣ ትኩሳት ነው እየተባለች መሞትን ነው። ይህን ከጻፍኩ በኋላ መመርመር እንደምፈልግ አወቅሁ።

አራተኛው ጥያቄ ግን አላስቀምጥ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽና ፍረጂኝ፤ እኔም ሚጡን ደብቄያት ነበር። ወደ ሆስፒታል ስሄድ ክር ልገዛ ነው እላት ነበር። አንድ ቀን መስፊያ ክፍሌ ገብታ፣ ዙሪያውን አይታ፣ ይህን ሁሉ ክር የት አደረግሽው አለችኝ። ሐሳብ አይግባሽ ልላት አፌን ስከፍት ያንቺን ድምፅ ሰማሁት። ቁጭ በይ አልኳት። የምነግርሽ ነገር አለ፣ ስለ እማዬ አሟሟትና ስለ እኛ ጤና ነው፣ አሁን ልንገርሽ ወይስ ይቆይ አልኳት። ንገሪኝ አለች። ያንቺንም ጭምር ነገርኳት፤ ደብዳቤው ለእሷም ነበርና ፈቃድሽን አልጠበቅሁም። ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ጣት እያዞረች «አሁን አልመረመርም» አለችኝ። «ልጄን ወልጄ፣ አጥብቼ ስጨርስ ራሴ እጠይቅሻለሁ። እስከዚያ ያንቺ ውጤት ምንም ይሁን ምን እኔ ፊት መልክሽን አትቀያይሪብኝ።»

ይኸው ነው። አልወደቀችም፣ አላበደችም፣ ፅንሷም ሆዷ ውስጥ እየተራገጠ ነው። ለባሏም ራሷ ነገረችው። ማን ያገባታል ብለሽ የፈራሽው ሾፌር ባሏ ምን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ ቀጠሮው ስንት ሰዓት ነው፣ መኪናውን አስቀድሜ ላስለቅቅ ነው ያለው። ልጄም ያቺን ቃል በጣቷ ነክታታለችና አልዋሸኋትም። አማካሪዋ ልጅ አይመረመርም፣ ስታድግ የራሷ ጉዳይ ነው ስላለችኝ እንደዚያው ነገርኳት። ለጥቂት ቀን ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ከዚያ ስለ ፈተናዋ ማማረር ቀጠለች።

ከወር በፊት ደሜን ሰጠሁ። ውጤቱ የደረሰው ባለፈው ሳምንት ነው። አማካሪዋ ፖስታውን በመዳፏ ሸፍና ልንገርሽ ወይ አለችኝ። ሥራዋ ይኸው ሆኖ ሳለ፣ ደሜን በፈቃዴ ሰጥቼ ሳለ፣ አሁንም ጠየቀችኝ። አዎ እስክል ድረስ እጇን አላነሳችም። አዎ አልኩ፣ ነገረችኝ። እንግዲህ ውጤቴን አውቃለሁ። ምን እንደማደርግም ወስኛለሁ። አንቺ ስላዘዝሽ አልወሰንኩም፣ አንቺን ለማናደድም አልወሰንኩም።

አሁን እኔ ደግሞ አንቺን እጠይቅሻለሁ። ውጤቴን ማወቅ ትፈልጊያለሽ? አዎ ካልሽ በእጅሽ ጻፊልኝ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር እነግርሻለሁ። አልፈልግም ካልሽም ጻፊልኝ፣ መቼም አላነሳብሽም። ደበቅሽኝ እንዳትይኝ። አንቺ የደበቅሽኝ የሚታወቅ ነገር መኖሩን ራሱ ነው። እኔ መኖሩን ነግሬሻለሁ። በልጅነቴም ሆነ ካደግሁ በኋላ ከዚያች ሴት በፊት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። መጠየቅ ሰውን እንዴት ሰው እንደሚያደርገው ስላየሁት፣ እንደዚህ ተናድጄብሽም ቢሆን አልነፍግሽም።

ኮትሽን አላጠበብኩትም። መስፊያ ክፍሌ ውስጥ ተሰቅሏል። የድሮውን ልክሽን ከደብተሬ በአንድ መስመር ሰርዤዋለሁ፤ እውነተኛውን ሳትልኪልኝ መቀስ አላነሳም። ደረትሽን ግራና ቀኙን ለየብቻ ለኪው። አትፈሪኝ፤ ሙያዬ ነው፣ ላለው አካል እሰፋለሁ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ኪስ ውስጥ ሳይሆን በፖስታ።

አባባ ጉልበትሽን ስመው ሰላም ብለውሻል፤ ጉልበትሽን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው፤ ታዲያ ከትልቅ ሰው ይህ ምን ይባላል ብላቸው ዝም በይና ጻፊ አሉኝ። ስላንቺ መታመም ከእኔ አልሰሙም፤ እሱን ራስሽ ንገሪያቸው። ብቻ ሹራቡን ሲለብሱ ይህች ልጅ እንዴት ናት ብለው የሚጠይቁበት አጠያየቅ አላማረኝም፤ አሁንም ያላወቁ መስለው እንዳይሆን እፈራለሁ። ሚጡ ሆዷን አቅፋ ትስምሻለች፤ ተቆጥታሻለች፣ ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ቶሎ ይለቃታል። ሾፌሩ ሰላም ብሎሻል። ልጄ የላክሽላትን መጽሐፍ ጨርሳዋለች፣ አመሰግናለሁ በይልኝ ብላለች። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሁሉን ያውቅ ስለነበር ግማሹን ብቻ ነው የላክሁለት።

ጥያቄ ስለምታበዛ ፕሮፌሰሯ ለምንላት ልጅሽ ግን ሰላምታዬን ራሴ እሰጣታለሁ። ትምህርቷን ልትጨርስ ስለሆነ ጥር 20 ቀን መጥታ እንደምትጠይቀን ነግራኛለች፤ ስለ ሕመምሽ ምንም እንደማታውቅ ከአነጋገሯ ገብቶኛል። የምረቃ ቀሚስ እንድሰፋላትም ልኳን ልካልኛለች። ደብተሬን ገልጬ ስጽፈው ደረት ዘጠና ሁለት፣ ወገብ ሰባ አራት ሆነ። የሰረዝኩትን ያንቺን የድሮ ልክ አየሁት፤ ያው ነው፣ በአንድ ጣት እንኳ አይለይም። ጥለሽው የሄድሽው ቀሚስ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ የፈታሁትን ስፌት ያኔውኑ መልሼ ሰፍቼው ነበር። ትናንት አውጥቼ ተኮስኩት። ምንም ሳልነካው ይሆናታል። ስትለብሰው የማን ነበር፣ እማማ ለምን አልለበሰችውም ብላ ትጠይቀኛለች። መጠየቅ እንደማይሰለቻት ታውቂያለሽ። እኔ አልዋሻትም፣ እትዬ። ሳትመጣ ንገሪያት።

ልብስ ሰፊዋ እህትሽ

ከቤታችን፣ ከመስፊያው ክፍል
ኅዳር 11 ቀን